የማቆሪያ መንጠፍ፦ «በፈር አንደርራን» የተባለውን ቃል በአማርኛ ለመሰየም

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ፣ በመቄቷ ከተማ በፍላቂት፣ የሠርግ ቪዲዮ ከሚያቀናብር ወጣት ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ አረጋዊ መሪጌታ የማኅሌት ቅጂ በፍላሽ ሊያስገለብጡ ገቡ። ኮምፒውተሩ «ሬንደር» በሚሉት ከባድ ሥራ ተጠምዶ ነበርና፣ ወጣቱ ቅጂውን ለመፈተን ቢከፍተው፣ ዜማው ጥቂት ሐረግ በሰላም ከወረደ በኋላ ይንተባተብና ይቆራረጥ ጀመር። መሪጌታውም ጆሯቸውን አዘንብለው፣ «ልጄ፣ ያሬድ ያላዘዘውን ቁርጥ ማን ጨመረበት?» ሲሉ ጠየቁ፤ ቁርጥ ከዜማ ምልክቶች አንዱ ነውና። ወጣቱም፣ «የኔታ፣ ስፒከሩ አርጅቶ ነው» ሲል መለሰ።

ፍርዱ ያለ በደሉ በስፒከሩ ላይ ወደቀ። ሕመሙ በቋንቋችን የታወቀ ስም ስለሌለው፣ ብዙ ሰው ደኅናውን ዕቃ ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ስለዚህ ስሙን ማበጀት የገንዘብም የድካምም ጉዳይ ነው።

ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ «በፈር አንደርራን» ይሉታል። «በፈር» በሰጭና በተቀባይ መካከል ሆኖ የፍጥነታቸውን ልዩነት የሚያቻችል ጊዜያዊ ማረፊያ ሲሆን፣ «አንደርራን» ደግሞ ተቀባዩ በጠየቀበት ቅጽበት ያ ማረፊያ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ለመጀመሪያው «ቋት» እንዳንል፣ ከወፍጮው ሥር ዱቄት የሚቀበለው ዕቃ ስም «የመረጃ ቋት» በሚለው አነጋገር ለሌላ ነገር ተይዟል። እኔ የማቀርበው «ማቆሪያ» የሚለውን ነው፤ ደገኛው ገበሬ የክረምቱን ውሃ ለበጋ በሚያቁርበት ጉድጓድ፣ ውሃው በሰማዩ ጊዜ ገብቶ በጠጪው ፈቃድ ይወጣልና፣ የበፈርም ጠባይ ይኸው ነው። ለሁለተኛው «መንጠፍ» ይበቃል፤ ላም ወተቷ ሲያልቅ፣ ምንጭም ውሃው ሲቆም ነጠፈ እንላለን። «ተበላሸ» ብንል ዕቃውን እንከሳለን፤ «ነጠፈ» ስንል ግን ጋኑ እንዳልተሰነጠቀ፣ የሚሞላው ብቻ እንደ ዘገየ እንናገራለን።

ዲጂታል ድምፅ እንደ ወንዝ የሚፈስ መስሎ ቢሰማም፣ በውስጡ ተቆጥሮ የተሰፈረ ኁልቁ ነው፤ በሲዲ ለእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100፣ በቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ 48,000 የድምፅ ልኬቶች ይመደባሉ። በዚህ በኋለኛው ስፍር፣ 480 ልኬት ብቻ የሚይዝ ማቆሪያ በሰከንድ አንድ መቶኛ ተጠጥቶ ያልቃል፤ አጫዋቹ ፕሮግራም ከዚያች ቅጽበት በፊት ደርሶ ካልሞላው፣ መጠበቅን የማያውቀው የድምፅ ካርድ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያለፈውን ቁራጭ መልሶ ያሰማል። ፕሮሰሰሩ ለሁሉም የሚበቃ ጉልበት ቢኖረው እንኳ፣ ሬንደሩ ተራውን ከተሻማበት፣ ለድምፁ ዘግይቶ የመጣ ተራ እንዳልመጣ ይቆጠራል። ሊኑክስን የሚያበጁት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የተራ አሰጣጡን ሕግ በ2.6.23ኛው እትም እንደ አዲስ ሲያቆሙት፣ ሙዚቃ በሥራ ብዛት መካከል ሳይቆራረጥ መሰማቱ ከመከራከሪያዎቻቸው አንዱ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምሥጢሩ ከታወቀ የመፍትሔው ሥርዓት ከራሱ ይወለዳል። አስቀድሞ ያው ቅጂ በሞባይል ይሰማ፤ በዚያም በዚያው ስፍራ ከተቆራረጠ ሕመሙ የቅጂው ነው። በሞባይሉ ደኅና ሆኖ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ከተንተባተበ፣ ማቆሪያው እየነጠፈ ነውና፣ በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መመልከት ይገባል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 በመቶ ከተጠጋ፣ ሬንደሩን ማሳረፍ ወይም ቅድሚያውን ዝቅ ማድረግ ነው። ሚሞሪው ከሞላ፣ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያጋዘ ስለሚዘገይ፣ የማይፈለጉትን የብራውዘር ገጾች መዝጋት ያሻል። ዲስኩ ከተጨናነቀ ደግሞ ቅጂውን ከሌላ ዲስክ ማጫወት ይረዳል። ሁሉም ባልተጨናነቁበት ድምፁ ከተቆራረጠ፣ የድምፅ ካርዱን ድራይቨርና የኃይል ቆጣቢውን ቅንብር፣ ደግሞም አቧራ የያዘውን ማራገቢያ መመርመር ነው፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ማቆሪያውን ማስፋት ነው። 480ው ልኬት 4,800 ቢደረግ፣ ፕሮግራሙ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ፋታ ያገኛል። ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ድምፁም በዚያው ልክ ዘግይቶ ይወጣል። ለአድማጭ ይህ ምንም አይደለም፤ እየተቀዳ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ዘማሪ ግን፣ ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ኋላ እየቀረ ዜማውን ያሳስተዋል። ስለዚህ ለማድመጥ ሰፊ፣ ለመቅዳት ጠባብ ማቆሪያ ይመረጣል።

በፍላቂቱ ሱቅ ወጣቱ ሬንደሩን ለጊዜው አሳርፎ ቅጂውን ከመጀመሪያው ቢከፍተው፣ በዚያው አሮጌ ስፒከር ዜማው ሳይደናቀፍ ወረደ። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ ፍጻሜው አዳመጡ፤ ቁርጥ በሚገባው ስፍራ ሲደርስም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።