ባለቤቱ የተወው የፕሮግራም መሥሪያ፦ የዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ ታሪክና ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

የኮምፒዩተር ትምህርት ስናስተምር ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች ብዙ እንናገራለን፤ ቋንቋው ስለሚጻፍበት መሣሪያ ታሪክ ግን እምብዛም አናነሣም። መሣሪያም እንደ ማንኛውም የሰው ሥራ የሚጀመርበት፣ የሚስፋፋበትና የሚቋረጥበት ጊዜ አለው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው በብዙ አገሮች ለጀማሪዎች ማስተማሪያነት ያገለገለውን የዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስን ታሪክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ምንነት እንግለጥ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም ትእዛዞቹን የሚጽፍበት ኤዲተር፣ የተጻፈውን ኮምፒዩተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚመልስ ኮምፓይለር፣ እንዲሁም ስሕተትን ተከታትሎ የሚያገኝበት ዲበገር ናቸው። ሦስቱ በአንድ ላይ ተሰብስበው ሲቀርቡ የተቀናጀ የፕሮግራም መሥሪያ ይባላሉ። ይህን አሠራር ለብዙኃኑ ካስተዋወቁት አንዱ ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ በ1983 በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ ያቀረበው ቱርቦ ፓስካል ነበር። ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስም በ1990 ተከተለው። ነገር ግን የሁለቱም ምንጭ ኮድ በኩባንያው እጅ ስለ ነበረ፣ ኩባንያው ሥራውን ሲያቆም ሌላ ሰው ተረክቦ ሊያሻሽላቸው አልቻለም።

በዚያው በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ሥራ መጀመሩን አስታወቀ። ዓላማው ማንም ሰው ሊያየው፣ ሊያባዛውና ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ማዘጋጀት ነበር። በ1987 የግኑ ኮምፓይለር ወጣ፤ በ1989 ደግሞ ይህንን ነፃነት በሕግ የሚጠብቀው ጂ.ፒ.ኤል. የተባለው ፈቃድ ተከተለ። ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ኮሊን ላፕላስ የተባለው ሰው በ1998 ብለድሼድ በሚል ስም ሥራውን ሲያወጣ፣ የግኑን ኮምፓይለር ለዊንዶውስ ከተዘጋጀው ሚንጂደብልዩ ወስዶ በቀላል መስኮት ውስጥ አስቀመጠው። መስኮቱን የጻፈውም ዴልፊ በተባለው በቦርላንድ መሣሪያ ነበር።

የመስፋፋቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ኮምፓይለሩን ጨምሮ ወደ 9 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ለሌላ ሰው መስጠትም ሕግን መጣስ አልነበረም። ይህ ጥቅም ለእኛ አካባቢ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት አያስቸግርም። እኛ ባለንባት በጅቡቲ ከተማ፣ በዋራበሌ፣ የባሕር ሥር ገመድ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ከ2010 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የምሥራቅ አፍሪካ ገመድ ጅቡቲን ይነካል፤ የኢትዮጵያም ኢንተርኔት በከፊል በዚሁ በር ያልፋል። ሆኖም ገመድ በደጅ ማለፉና መስመሩ እስከ ትምህርት ክፍል መድረሱ የተለያዩ ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚተላለፍ ትንሽ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው ክፍል ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ በየካቲት 2005 ቁጥር 4.9.9.2 ከወጣ በኋላ የብለድሼድ ሥራ ቆመ። ኮምፒዩተሮች ግን አልቆሙም። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ ሲቀርብ ኮምፓይለሩ የራሱን ክፍሎች ማግኘት እያቃተው ሥራ ማቋረጥ ጀመረ። ተማሪው የጻፈው ትክክል ሆኖ ሳለ መሣሪያው የስሕተት መልእክት ያወጣበታል። የኮምፓይለሩ ቁጥር 3.4.2 ስለ ነበረም በ2011 የጸደቀውን አዲሱን የሲ ፕላስ ፕላስ ደንብ አያውቅም። ኤዲተሩ ዩኒኮድን ስለማይቀበል፣ የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ እያለ፣ አማርኛ የጻፈበት ተማሪ የሚያገኘው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ምንጭ ኮዱ በጂ.ፒ.ኤል. ፈቃድ የተለቀቀ በመሆኑ ዮሐን ሜስ ኦርዌል በሚል ስም በ2011 ሥራውን አንሥቶ በ2015 እስከ ቁጥር 5.11 አደረሰው። እርሱም ሲያቆም በ2020 ኤምባርካዴሮ የተባለው ኩባንያ ቀጠለበት። ይህ ኩባንያ ዴልፊን ከቦርላንድ ክፍል ጋር በ2008 የገዛው ነው። በቻይናም ሬድ ፓንዳ የተባለው ቅርንጫፍ ዩኒኮድን የሚቀበል ሆኖ ወጣ። ከዚህ የምንረዳው፣ የፕሮግራም ዕድሜ ከሠሪው ዕድሜና ትዕግሥት ጋር እንዳይታሰር ያደረገው ፈቃዱ መሆኑን ነው። ፈቃዱ ተረካቢ ማምጣት አይችልም፤ ተረካቢ ሲመጣ ግን በሩ ተዘግቶ አያገኘውም።

ለመምህሩ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የቀድሞው ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ ለጀማሪ አዘጋጅቶ በሚያቀርበው ጽሑፍ ውስጥ መስኮቱ ቶሎ እንዳይዘጋ «ሲስተም ፖዝ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። ይህ የዊንዶውስ ትእዛዝ እንጂ የሲ ፕላስ ፕላስ ሕግ አይደለም፤ በሊኑክስ ላይ አይሠራም። ይሁንና ልዩነቱ ያልተነገረው ተማሪ የቋንቋው ግዴታ አድርጎ ይይዘዋል፤ መሣሪያው በተለወጠ ቀንም የተማረው ሁሉ የተሻረ ይመስለዋል። በቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ የተማሩት ከ1998 ደንብ በፊት የነበሩትን የፋይል ስሞች ይዘው ሲቸገሩ የታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለሆነም የቋንቋው የትኛው፣ የመሣሪያው የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ለይቶ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው። ለዚህም ትልቅ ወጪ አያስፈልግም። አንዱን አጭር ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ማሠራት፣ ቢቻል አንድ ጊዜ ያለ መስኮት ኮምፓይለሩን በትእዛዝ ብቻ ማስነሣት ይበቃል። ይህን ያየ ተማሪ መሣሪያው ነገ ቢቋረጥ ሌላውን አንሥቶ ሥራውን ይቀጥላል።