የቡሄ ሙልሙል በሰሜን ሸዋ ደጋ

የወቅትን መለወጥ በዳቦና በጣፋጭ ስጦታ የሚያከብሩ ሕዝቦች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ልማዶች መካከል በዓለም በሰፊው የታወቀው የቻይናውያን የመጸው አጋማሽ በዓል ነው። በዓሉ በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን፣ ማለትም በእኛ መስከረም ግድም ይውላል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ960 እስከ 1279 እ.ኤ.አ.) ጸንቶ የቆመ ሲሆን፣ በዕለቱ ቤተሰቡ ሙሉ ጨረቃን እያየ በአንድነት ይሰበሰባል። በውስጡ የቀይ ቦሎቄ ወይም የሎተስ ፍሬ ልቁጥ ያለበት፣ አንዳንድ ጊዜም በጨው የቆየ የእንቁላል አስኳል በጨረቃ አምሳል የሚቀመጥበት ክብ ኬክ ለዘመድና ለወዳጅ ይሰጣል። የሰሜን ሸዋም ደገኛ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ልማድ አለው፤ ይኸውም የቡሄ ሙልሙል ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ዳቦው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድና በምን ጊዜ እንደሚጋገር ሲጠየቅ ነው።

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል የሕዝብ ስም ነው። ቃሉን አንዳንዶች ከብራ፣ ከብርሃን ጋር ሲያያይዙት፣ ሌሎች ቡሖ ከሚለው፣ ማለት ከሊጥ ጋር ያያይዙታል፤ በዓሉ ሁለቱንም ስለያዘ መፍረድ ያስቸግራል። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ በአካባቢው የነበሩ እረኞች ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው ከመንጋቸው ጋር በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ደብረ ብርሃንም ስሟን ያገኘችው በሰማይ ከታየ ብርሃን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማውን የቆረቆሩት በ15ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ሲሆን፣ ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

የበዓሉ ባለቤት እረኛው ነው። ከሰኔ ጀምሮ ገሳ ለብሶ፣ በጭቃና በጉም ውስጥ በጎች ሲጠብቅ የከረመው ልጅ በዚህ ቀን ከባልንጀሮቹ ጋር ሆያ ሆዬ እያለ በየደጃፉ ይቆማል። ከበዓሉ አስቀድሞ ባሉት ቀናት ደግሞ የጅራፍ ድምፅ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ይሰማል። ጅራፉ ከእጅ በኩል ወፍሮ ወደ ጫፍ እየቀጠነ የሚገመደው እንዲሁ ለዓይን አይደለም። በወፍራሙ ወገን የተሰጠው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ሲሄድ የሚገፋው ክብደት እያነሰ ስለሚመጣ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ጫፉ የድምፅን ፍጥነት፣ ማለት በሴኮንድ 340 ሜትር ያህሉን ያልፋል። የሚሰማው ፍንዳታ ይኸው ነው። የደጋ እረኛ ሱፐርሶኒክ አውሮፕላን ከመሠራቱ በፊት ይህን ያውቅበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙልሙል ሞላላ ሆኖ የሚድቦለቦል፣ አንድ ልጅ በእጁ ይዞት የሚሄድ ትንሽ ዳቦ ነው። እንደ ትልቁ ድፎ ለብዙ ሰው አይቈረስም፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይጋገራል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ሊጡን ከማቡካቷ በፊት ስንት ልጅ ደጇን እንደሚረግጥ ታስባለች። የክርስትና አባትና እናትም ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ልጆቹ በበኩላቸው ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ፤ የሚከፍሉትም ይህንኑ ምርቃት ነው።

እዚህ ላይ የእህሉ ነገር ይነሣል። የቻይናው በዓል የሚውለው አዝመራ በሚገባበት ወራት ስለሆነ ሰጪው ከሞላ ጎተራ ይሰጣል። በሰሜን ሸዋ ግን በሰኔና በሐምሌ የተዘራው የመኸር እህል ነሐሴ ላይ ገና ቡቃያ ነው፤ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የጣርማ በርና የአንኮበር ከፍታዎች በየካቲትና በመጋቢት ገብስ ስለሚዘሩ፣ በልጉ ከሠመረ የቡሄው ሙልሙል ከአዲስ ገብስ ይጋገራል። በልጉ ከቀረ ግን ከጎተራው ጥግ ከተጠረገው፣ አንዳንዴም ለዘር ከተቀመጠው ነው። በከብት እልቂት የእርሻ በሬ ጠፍቶ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በቆፈሩበት በክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.)፣ ወይም ይፋትን ጭምር በጎዳው በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ፣ አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ሆያ ሆዬ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። ሳይሰጡ መመለስ ነውር ነው፤ መስጠት ደግሞ ከቤት ልጅ አፍ መንጠቅ ይሆናል።

ዱቄቱም በቀላሉ አይገኝም ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.) በአንኮበር ሲገዙ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶላቸው እንደነበረ፣ ካህናቱ ግን የአጋንንት ሥራ ነው በማለታቸው እንደተተወ በዘመኑ የነበሩ መንገደኞች ጽፈዋል። በአንኮበር ዙሪያ ለወፍጮ የሚበቃ ወራጅ ውሃ ሞልቶ ሳለ፣ የቤተ መንግሥቱን እህል የሴት ባሮች፣ የገበሬውን ደግሞ ሚስቱና ሴት ልጆቹ ጐንበስ ብለው በድንጋይ መፍጨታቸውን ቀጠሉ። እያንዳንዱ ሙልሙል የአንዲት ሴት የሌሊት ድካም ነበረበት፤ ስለ በዓሉ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የጨረቃው ኬክ በኋላ ዘመን ሌላ ጠባይ አመጣ። ኬኩ በሐርና በወርቅማ ሣጥን እየታሸገ ከበታች ሠራተኛ ወደ አለቃ፣ ከነጋዴ ወደ ባለሥልጣን መሄድ በመብዛቱ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ የሥነ ሥርዓት ኮሚሽን በመንግሥት ገንዘብ ኬክ ገዝቶ መስጠትን ከለከለ። ሙልሙል ግን ከላይ ወደ ታች፣ ከባለ ቤት ወደ እረኛ፣ ከክርስትና አባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ፣ በእርሱ ሹመት የሚለምን ሰው የለም። ከልጁ ዘንድ ከምርቃት በቀር የሚመለስ ነገር አይገኝምና።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ከተማ ለሆያ ሆዬ ልጆች በብዛት የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ዳቦ የሚሰጥም ቢኖር ከዳቦ ቤት ገዝቶ ነው። ለእመቤቲቱ ዕረፍት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የብር ኖት በልጉ የሠመረ ወይም የቀረ መሆኑን አይናገርም፤ የገብስ ሙልሙል ግን በመልኩና በመጠኑ ይናገር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሙልሙሉን የተቀበለው እረኛ በማግስቱ ገሳውን ለብሶ ወደ በጎቹ ይመለሳል፤ እስከ መስቀል ድረስ ዝናቡ ገና አላበቃም።