የሦስት ጣት ትምህርት

አንድ ሰኔ የመኝታ ክፍላችን ልጅ ታመመብን። ሌሊቱን ሲያቃስት አደረና ጠዋት ደግፈን ወደ ሕክምና ወሰድነው። መካነ ሰላም በሰኔ እንዴት እንደምትሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከአባይ በረሃ በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ተረኛዋ ልጅ መቆንጠጫ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ጣቱ ላይ ሰካች። ቁጥር ወጣ። ጻፈችው። «ደህና ነው፤ ቀጣይ!» አለች። ለገበያ ከወግዲ መጥታ የነበረችው አክስቱ ግን ዝም አላለችም። «እንዴ ልጄ፣ እጁን እንኳ ሳትይዢው?»

እኛ የተማርን ነን ባዮቹ አፈርን። ይሁን እንጂ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የታመመን ሰው አንጓ መያዝ ማጽናኛ ብቻ ነው? ወይስ እውቀት ነው? እውቀትስ ከሆነ መሣሪያ ሊያስተምረው ይችላል? መልሱን ፍለጋ ታሪክ ውስጥ ገባሁ፤ ታሪኩም ከቻይና ተነስቶ እዚሁ ደጃችን መቅደላ ድረስ አመጣኝ።

ትርታን እንደ ሙያ ካደረጁት ሕዝቦች ቻይናውያን ቀዳሚዎቹ ናቸው። ዋንግ ሹሄ የተባለው ሐኪም በ3ኛው መቶ ዓመት «ማይ ጂንግ» የሚባለውን የትርታ መጽሐፍ አዘጋጅቶ 24 ዓይነት ትርታ ዘረዘረ። ሊ ሺጀን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1564 ዝርዝሩን 27 አደረሰው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ ሦስት ጣቶቹን፣ ማለትም አመልካች፣ መሐልና የቀለበት ጣቱን፣ በበሽተኛው አንጓ ላይ ያሳርፋል። ሦስቱ ቦታዎች ጹን፣ ጓንና ቺ ይባላሉ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይነካል፣ ቀጥሎ ትንሽ ይጫናል፣ በመጨረሻ ጠለቅ ያደርጋል። አንዱ ትርታ በውኃ ላይ እንዳለ እንጨት ይንሳፈፋል፤ አንዱ ከጣት ሥር ይሙለጨለጫል፤ አንዱ እንደ ተወጠረ የክራር ጅማት ይከራል። ደራሲው ዋንግ ሹሄ ራሱ ችግሩን አልደበቀም፤ ትምህርቱን ከማወቅ ይልቅ በጣት መለየቱ ይከብዳል ባይ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የመሣሪያ ጥያቄ የሚመጣው።

የመጀመሪያው መሣሪያ የሐኪሙ የራሱ ትንፋሽ ነበር። ቻይናዊው ሐኪም የራሱን እስትንፋስ አረጋግቶ፣ በአንድ ትንፋሽ አራት ያህል ምት ከቆጠረ ጤና ነው ይል ነበር። በእስክንድርያ ሄሮፊሎስ የውኃ ሰዓት ተጠቀመ። ኢብን ሲና በ«ቃኑን» መጽሐፉ የትርታን ጠባይ በአሥር ዘርፍ ከፈለው። ጣሊያናዊው ሳንቶሪዮ በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ በክር የተንጠለጠለ ክብደት እያወዛወዘ፣ ውዝዋዜው ከትርታው ጋር እስኪገጥም ክሩን ያስረዝም ወይም ያሳጥር ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የእንግሊዛዊው የጆን ፍሎየር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1707 አንድ ደቂቃ ብቻ የምትሠራ የሐኪም ሰዓት አሠርቶ ስለ እሷ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ነርስ ሁሉ ሰዓቷን እያየች የምትቆጥረው የዚህ ልማድ ወራሽ ሆና ነው። ፍሎየር በዚያው ሥራው ስለ ቻይና የትርታ ጥበብ በሰፊው ጽፏል። ከእሱ በፊት ፖላንዳዊው ሚሲዮናዊ ሚካኤል ቦይም ያዘጋጀው የቻይና ትርታ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1686 በአውሮፓ ታትሞ ነበር። «የእነሱ ባህል፣ የነዚያ ሳይንስ» እያልን በአጥር የምንለየው ነገር ሥር ለሥር ይገናኛል ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። በዚያ ትርምስ መካከል ወላጆቹ የጠፉበት ትንሽ ልጅ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገባና ወደ ሕንድ ተወሰደ። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ላሆር ላይ ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ፤ ቀጥሎም ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ1899 አገሩ ተመለሰ። አያቱ በገላው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩት ይባላል። ይህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ልብ በሉ፦ ባለ ሰዓቱ ሐኪም አገሩን ያወቀው በሰዓት አይደለም። ዘመዶቹ ያወቁት ገላውን አይተው ነው።

የኛ አሮጌ ሕክምናስ? ደብተራው የበሽተኛውንና የእናቱን ስም ቆጥሮ ከኮከብ ያገናኛል፤ የመድኃኒት መጽሐፉ ሥርና ቅጠል ይነግረዋል። ወጌሻው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ የተሰበረውን ይለያል። የወጌሻ ጣት በመጽሐፍ የሚማሩት አይደለም፤ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እሱ የነካውን ነክቶ ነው። ችግሩም ይኸው ነው። መምህሩ ሲሞት ጣቱ አብሮ ይቀበራል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት ነገሮች ሆኑ። የመጀመሪያው የቻይና የሕክምና ቡድን ኢትዮጵያ ገባ፤ ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚመጡት ሐኪሞችም ከዚያ ወዲህ እየተፈራረቁ ሠርተዋል። በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ታኩዎ አኦያጊ ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን በገላ ውስጥ አሳልፎ፣ ትርታውን ተከትሎ የደምን ኦክስጅን የሚለካበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። ጓደኛችን ጣት ላይ የተሰካችው መቆንጠጫ የዚያ ልጅ ናት።

ቻይናውያን ራሳቸው መሣሪያን አልናቁም። ፈረንሳዊው ማሬ እ.ኤ.አ. በ1860 ትርታን በወረቀት የሚስል መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ የቻይና ተመራማሪዎችም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ ሄዱ። ዛሬ አንጓ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ሞገዱን በመስኮት ያሳያል፤ የተለያየ ትርታ የሚመታ ሰው ሠራሽ ክንድም ለተማሪ መለማመጃ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለኤሌክትሪክ የትርታ መለኪያዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጥቷል። ጥቅሙ ምንድን ነው? መምህሩ «ይሙለጨለጫል» ሲል ተማሪው «ምኑ?» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ሞገዱ በሁለቱ ፊት ተስሏልና። የጣት ምስጢር የጋራ መነጋገሪያ ይሆናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ሦስቱ ቦታዎች እያንዳንዳቸው የአንድ የውስጥ አካል ቋንቋ ናቸው የሚለው እምነት በዘመናዊ ምርምር አልተረጋገጠም። መሣሪያ አስተማሪ እንጂ የእምነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

መሣሪያውም ቢሆን የተማረው ከሰው ነው፤ ከማን ጣት እንደ ተማረ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የጣት መለኪያው ሳያሳየው የሚያልፈው የኦክስጅን ማነስ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። የቀዘቀዘ ጣትም ያሳስተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ሲል «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ግን በስሜን አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ የደም ኦክስጅን 95.3 በመቶ መሆኑን አግኝቷል፤ ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም አይርቅም። መካነ ሰላም ከዚያ እጅግ ዝቅ ትላለች። ታዲያ ደጋው በምን ዕዳው ይከሰሳል?

ወደ ጓደኛችን ልመለስ። በማግስቱ አልተሻለውምና ሌላ ዘንድ ወሰድነው። አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ምንም ሳይናገር አንጓውን ያዘ። ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ እንደገና አንድ ደቂቃ። «ይዘላል» አለ፤ «ይሄ ልብ ይታይ።» ደሴ ተላከ፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው የልብ ቧንቧ በር በሽታ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ስንት ወጣት ሳይታወቅለት የሚያልቅበት በሽታ! የልቡን በር ያሳየው በርግጥ የደሴው መሣሪያ ነው። ወደ መሣሪያው የመራው ግን ጣት ነው። ዛሬ ልጁ በየወሩ መርፌውን እየተወጋ ትምህርቱን ቀጥሏል።

አክስቱ እንግዲህ ትክክል ነበረች፤ እኛ ያፈርነው በማይታፈርበት ነው። መቆንጠጫዋ ትኑር፤ በየጤና ጣቢያውም ትብዛ። ግን የምትናገረውን ቁጥር የሚጠይቅ ጣት ከሌለ ትርፉ ምን ይሆን?

ይህን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ የምትቀባበሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይ የጤና ተማሪዎች፣ እስቲ ከማስተላለፋችሁ በፊት ሦስት ጣታችሁን አጠገባችሁ ያለው ሰው አንጓ ላይ አሳርፉ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከዚያ አቀብሉት፤ እሱም ይቁጠርላችሁ።