ጎንደርን ያነጿት ሸንተረርና ኖራ

በሜዲትራኒያን ዳር ያለችው ጄኖቫ ተራራና ባሕር ስላጣበቧት ቤቶቿን ወደ ላይ ደራርባ ሠራች። ጎንደርን ባሕር አላጣበባትም፤ ቦታም አልቸገራትም። ይሁን እንጂ የእርሷም ሕንጻ ከመሬቱና ከታሪኩ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ከደባርቅ ተነሥቶ ብርዳማውን ወገራ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል የሚያቋርጥ መንገደኛ ወደ ጎንደር የሚገባው ቁልቁል እየወረደ ነው። ይህ መንገድ ጥንት የሲራራ ነጋዴ ወደ ምጽዋ የሚዘልቅበት ነበር፤ ሌላው በመተማ በኩል ወደ ስናር ይወርዳል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ የከተሙት እነዚህ መንገዶች በሚገናኙበት፣ አንገረብና ቀሃ ወንዞች ግራና ቀኝ በሚያዋስኑት ሸንተረር ላይ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከፍታውን ያዘ። በዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ ዘመን ተለይተው እንዲሰፍሩ የታዘዙት ሙስሊሞች መንደር ግን ዝቅ ብሎ በቀሃ ዳር ሆነ። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ የማዕረግም መለኪያ ነበር ማለት ነው።

ቀድሞ የነገሥታቱ መዲና በአብዛኛው የድንኳን ሠፈር ነበር፤ እንጨቱና ሣሩ ሲያልቅ ይነሣል። ጎንደርን ከዚህ ልማድ ካወጧት ነገሮች አንዱ ኖራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአካባቢው ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ጠንካራና ለመጥረብ አስቸጋሪ። ስለዚህ ግንበኛው ድንጋዩን እንዳገኘው ደርድሮ ክፍተቱን በኖራ ሞላው። ቅስትና የመስኮት ዙሪያ ጥርብ ስለሚፈልጉ ቀላ ያለውን ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መረጠላቸው። በአራቱ ማዕዘን ማማ ያለው የፋሲል ግንብ የቆመው በዚህ ዓይነት ነው። የኖራው ጥበብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያንና ከህንድ ከመጡ ግንበኞች ጋር የገባ ነው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ኖራውን ግን አስቀሩት!

ፋሽስት ኢጣሊያም ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዝ ከፍታውን ለመሥሪያ ቤትና ለሹማምንት፣ በግንቦቹ አጠገብ ያለውን ለንግድ መደበ፤ ፒያሳ ዛሬም አለ። ያላማረው ሥራው በሲሚንቶ ያደረገው የግንቦቹ ጥገና ነው። ኖራ የሳበውን እርጥበት መልሶ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። የክረምቱ ውኃ መውጫ ሲያጣ በግንቡ ሆድ ተቀምጦ ኖራውን ከውስጥ ያላላል። ሲሚንቶ ጠነከረ ማለት ለአሮጌ ግንብ ተስማማ ማለት አይደለም። በኋለኞቹ ጥገናዎች ሲሚንቶው እየተነቀለ በኖራ የተተካው ስለዚህ ነው። የኖራ ሥራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ተቃጥሎ፣ ውኃ ጠጥቶ መሰንበት፣ ልስኑም ክረምቱ ሳይገባ መድረቅ አለበት።