ሥዕል የገባበት የመዳብ ደሴት

ጎጃምን ዓባይ እንደ ቀለበት ከቦ ስለያዛት፣ የቢቸናና የሞጣ ሰው የደሴትን ኑሮ ለመረዳት ባሕር መሻገር አያሻውም። የጃፓኗ ናኦሺማ ግን የእውነት ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1917 ሚትሱቢሺ የመዳብ ማቅለጫ ሲተክልባት ወዛደሩ እንጀራ አገኘ፤ ጭሱ በአንጻሩ በሰሜን ወገን ያለውን ኮረብታ ዛፍ አደረቀ። ኋላም የሥራው መስክ እየጠበበ፣ ወጣቱ እየፈለሰ ሄዶ ቤቶቿ ወና ሆኑ።

በ1992 ታዳዎ አንዶ የነደፈው፣ ማረፊያና ቤተ ሥዕል በአንድነት የያዘ ሕንፃ ተከፈተ። ገንዘቡ የአንድ መጽሐፍ አሳታሚ ኩባንያ ነበር። ሕንፃው ያማረ ነው፤ ለነዋሪው ግን ያው የእንግዳ ቤት ነበር ባይ ነኝ። ነገሩ የተለወጠው በ1998 ይመስለኛል። ታትሱዎ ሚያጂማ የተባለው አርቲስት በአንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ውስጥ ውሃ አቁሮ 125 የቁጥር መብራቶች አጠለቀበት፤ የየመብራቱን የመቁጠር ፍጥነት የወሰኑት ግን ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል 125 የደሴቲቱ ሰዎች ነበሩ።

ይህን ሳነብ የእኛው ዲማ ጊዮርጊስ ትዝ አለኝ። ቅኔውን የዘረፈው የቆሎ ተማሪው ቢሆንም፣ ቁራሽ የሰጠችው የመንደሩ ባልቴት ከቅኔው ድርሻ የላትምን?

የናኦሺማ ሕዝብ ከዚያም ወዲህ ቁጥሩ መቀነሱን አላቆመም፤ ማቅለጫውም ከቤተ ሥዕሎቹ ማዶ ዛሬም ይሠራል።