«ጥብቅ ኃላፊነት» በስፖርት ሕግ

የፀረ-ዶፒንግ ሕግ ይዟቸው ከመጣቸው ቃላት መካከል፥ እንግሊዞች «ስትሪክት ላያቢሊቲ» የሚሉትና በአማርኛ «ጥብቅ ኃላፊነት» ብንለው የሚስማማው ሐረግ፥ ከሌሎቹ ይልቅ የስፖርተኛውን ዕጣ የሚወስን ነውና ምሥጢሩን አምልቶ አስፍቶ መግለጽ ይገባል።

ፍችው ይህ ነው፦ በስፖርተኛው ሽንት ወይም ደም ውስጥ የተከለከለ ቅመም ከተገኘ፥ በፈቃድም ይሁን በኢያእምሮ፥ ከወዳጅም ይሁን ከሐኪም እጅ የተቀበለው፥ የደንብ ጥሰት እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል፤ ከሳሹም የስፖርተኛውን ሐሳብ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ይህም እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ባወጣው፥ ከ2004 ጀምሮም በሚሠራበት ደንብ የጸና ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሕግ ባዕድ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከብቱ ሳያስበው አምልጦ ጉዳት ያደረሰበትን ባለቤት «አላወቅሁም» በማለቱ ብቻ ከኃላፊነት ነጻ አያወጣውም፤ በባሮ ወንዝ ዳር ከብት የሚያረባ የኑዌር ሽማግሌ የዚህን ፍርድ አገባብ ለመረዳት አይቸገርም። የከብቱ ጠባቂ ባለቤቱ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የገላው ጠባቂም ስፖርተኛው ራሱ ነው።

በጋምቤላ ከተማ ኳስ የሚጫወት ወጣት ይህን ቃል በሩቅ አገር ለሚሮጡ ዝነኞች ብቻ የተጻፈ አድርጎ እንዳያየው ያስፈልጋል። የጫት ስም በክልከላው ዝርዝር ባይገኝም፥ ከቅጠሉ የሚገኘው ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ከበለጠ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው፤ የውድድር ጊዜ የሚባለውም በዋዜማው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ይጀምራል። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም ከእ.ኤ.አ. 2024 መባቻ ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል፤ በአፍ የሚወሰደው ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ ነው።

የስፖርተኛው ሐሳብና ጥንቃቄ የሚመረመረው ቅጣቱ በሚወሰንበት ጊዜ ነው። መደበኛው እገዳ እንደ ቅመሙ ዓይነትና እንደ ሐሳቡ 2 ወይም 4 ዓመት ሲሆን፥ ፈጽሞ ጥፋት እንደሌለበት ያስረዳ ሰው እገዳው ይቀርለታል፤ ምርመራው በተደረገበት ውድድር ያገኘው ውጤት ግን ከመሰረዝ አይድንም። ለስዊድን ትሮጥ የነበረችው ትውልደ ኢትዮጵያዊት አበባ አረጋዊ፥ እ.ኤ.አ. በ2013 በሞስኮ የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው፥ እ.ኤ.አ. በ2016 መባቻ የተከለከለው ሜልዶኒየም የተባለ ቅመም ተገኘባት ተብሎ በዚያው ዓመት በጊዜያዊነት ታግዳ፥ ቅመሙ በሰውነት ውስጥ የሚቈይበት ጊዜ በሚገባ ባለመታወቁ ከወራት በኋላ እገዳው ተነሥቶላታል። በዚያው ዓመት የዓለም አትሌቲክስ አስተዳደር ኢትዮጵያን ብርቱ ክትትል ከሚሹ አምስት አገሮች አንዷ አድርጎ ጠርቷት ነበር።

አለማወቅን ምክንያት አድርጎ የማይቀበል ሕግ ትምህርቱን ለሁሉ የማዳረስ ዕዳ አለበት። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣንና አሠልጣኞች የክልከላውን ዝርዝር በአኙዋክና በኑዌር ቋንቋ ጭምር ለጋምቤላ ወጣት ያድርሱለት። አንተም ስፖርተኛ ሆይ፥ ክኒን ከመዋጥህ በፊት ስፖርተኛ መሆንህን ለሐኪምህ ንገር፤ የተከለከለ መድኃኒት ለጤናህ የግድ ካስፈለገህም አስቀድመህ የሕክምና ፈቃድ ጠይቅ።