በድንጋይ ያልተጻፈ የመቃብር ቃል

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ሲጓዝ ወደ አንዱ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጎራ ያለ ሰው፥ ከጽዱና ከወይራው ጥላ ሥር ብዙ መቃብር ያያል። ከፊሉ ድንጋይ ተከምሮበታል፤ ከፊሉ ሣር በቅሎበታል፤ ከፊሉም ከመሬት ጋር ተካክሎ ምልክቱ ጠፍቷል። ከአሮጌዎቹ መቃብሮች መካከል ስም የተጻፈበትን ድንጋይ ቢፈልግ ግን በብዙው ስፍራ አያገኝም። ስለዚህ እንግዳው ሰው፥ «ይህ ሕዝብ ሙታኑን ፈጥኖ የሚረሳ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የጎጃም ሰው ለሙታኑ የሚገባውን ቃል በድንጋይ ላይ ሳይሆን በሰው አፍ ላይ ጽፎ ኖሯል። ይህንንም ቃል ሲጽፍ አንዳንድ ጊዜ እያለቀሰ፥ አንዳንድ ጊዜም እየሣቀ ነው።

በመቃብር ላይ አለመጻፍ ከፊደል ማጣት የመጣ እንዳይመስለን። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ድል ማድረጉን በግዕዝ፥ በሳባና በግሪክ ፊደል በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። ነገር ግን በዚያው በአክሱም በነገሥታቱ መቃብር ላይ የቆሙት ታላላቆቹ ሐውልቶች ስም አልተጻፈባቸውም። ወድቆ የተሰበረው 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት መስኮትና በር ተቀርጾለታል፤ ከሥሩ ማን እንዲያርፍ ታስቦ እንደ ተሠራ ግን አንድ ቃል እንኳ አይናገርም። ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ የቆመውም እንደዚሁ ዝም ያለ ነው። በጢያ ያሉት የመቃብር ድንጋዮችም ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት ይታይባቸዋል እንጂ ፊደል የለባቸውም።

ይህም ሲባል ጨርሶ አልተጻፈም ማለት አይደለም። በኤርትራ በደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና አጠገብ ሐም በተባለው ስፍራ አንድ ጥንታዊ የግዕዝ የመቃብር ጽሕፈት ተገኝቷል። ጽሕፈቱ ጊሆ የተባለች የመንገሻ ልጅ መሞቷን፥ ከወሩና ከቀኑ ጋር ይነግረናል። በዳህላክ ደሴት ደግሞ ከ10ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዐረብኛ የተጻፉ ከ200 የሚበልጡ የእስላም መቃብር ድንጋዮች አሉ። ስለ ጊሆ ግን አንድ ነገር እናስተውል። ስሟን፥ አባቷንና የሞተችበትን ቀን እናውቃለን፤ ደግ ነበረችን፥ ቁጡ ነበረችን፥ ጨዋታ ትወድ ነበርን፥ ይህን አናውቅም። ድንጋዩ ስምን ጠበቀ፤ ሰውዮዋን ግን አልጠበቀም።

የጥንት ሮማውያን በመቃብር ላይ መጻፍን እጅግ ይወዱ ነበር። ከመቃብሮቻቸው በብዙዎቹ ላይ የአራት ቃላት መነሻ የሆኑ አራት ፊደላት ይገኛሉ፤ ትርጓሜያቸውም «መሬቱ ይቅለልህ» ማለት ነው። ይህን የሚሰማ የጎጃም ገበሬ ምንም አይደንቀው። እርሱም የሞተ ወዳጁን ስም ሲያነሣ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ይላልና። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ምኞት ተመኙ፤ የሮማው ሰው ለድንጋይ ጠራቢ ከፍሎ አስቀረጸው፥ የእኛ ሰው ግን ከአውድማው የሚያውቀውን ገለባ አንሥቶ በቃሉ ተናገረው።

የእኛ ሰው ድንጋዩን ስለ ምን ተወው ቢባል፥ ሁለት ምክንያት መስጠት ይቻላል። አንደኛው ጸሎት ነው። በፍትሐቱ፥ በአርባው፥ በሰማንያውና በሙት ዓመቱ ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም እየጠራ ያስበዋል፤ ስሙም የሚፈለገው በዚያ ነው። ሁለተኛው ለቅሶው ነው። በለቅሶ ሜዳ ላይ ሰው በተሰበሰበ ጊዜ የሟቹ ልብስና መሣሪያ ይወጣል፤ ባለ ፈረስ የነበረ እንደ ሆነ ፈረሱ እየተሳበ ይዞራል፤ በፈረሱም ስም ይጠራል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «አባ ጠና» እንደ ተባሉ ሁሉ፥ ያገሩ ጨዋም በፈረሱ ስም ይወደስ ነበር። በመካከሉ አልቃሿ ትቆማለች። ሟቹ ምን እንደ ሠራ፥ ምን እንደ ወደደ፥ ከማን ጋር እንደ ተጣላ አስቀድማ ታውቃለች፤ ያላወቀችውንም ከዘመድ ትጠይቃለች፤ ይህንንም በሁለት ወይም በአራት ስንኝ አሥራ ታወጣዋለች። ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ይቀበላታል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስም ስንኙን በአፉ ይዞ ይሄዳል።

በዚህ አገር ይህ ሙያ መጠንከሩ አያስደንቅም። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ የታወቁ ጉባኤዎች ናቸው፤ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ቅኔ የሚቈጥረው በዚሁ በጎጃም ነው። ከቅኔ ዓይነቶች ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ተማሪውም አንድን ሙሉ አሳብ ሰምና ወርቅ አድርጎ በሁለት ቤት መጨረስን ከዚያ ይጀምራል። አልቃሿ ከጉባኤው ባትገባም ከጉባኤው ደጅ ያለች ናትና፥ ኅብር ቃል ማግኘትን ታውቅበታለች።

ሣቁም የሚገባው በዚህ በኅብሩ በኩል ነው። ለቅሶ እውነትን የመናገሪያ ስፍራ ስለ ሆነ፥ አልቃሿ የማታዝንለትን ሰው እንደ ጻድቅ አድርጋ አታወድሰውም፤ በግልጽም አትሰድበውም። በሰሙ ታመሰግናለች፥ በወርቁ ግን ትወጋለች። እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ያህል ባህሉን ተከትለን ራሳችን አንድ ስንኝ እንግጠም፤ ሟቹ እህሉን በጉድጓድ ቀብሮ ጎረቤቱን ያስራበ ንፉግ ነው እንበል።

ጎረቤት ሲቸገር እህል ያልሰፈረ፥
ዛሬ ከጉድጓዱ ለብቻው ሰፈረ።

«ሰፈረ» ማለት ማረፊያውን ያዘ ማለት ነው፤ እህል ለካ ማለትም ነው። «ጉድጓድ» መቃብር ነው፤ የእህል ጎተራም ነው። ዘመዱ የመጀመሪያውን ሰምቶ ያለቅሳል፤ ጎረቤቱ ሁለተኛውን ሰምቶ ፊቱን በነጠላው ይሸፍናል፤ ከነጠላው በታች ግን ዕንባ ይሁን ሣቅ ማንም አያይም። እንደዚሁም ርስት በሙግት በሚያዝበት ዘመን፥ ይኸውም የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሳይወጣ፥ ዕድሜውን በዳኛ ደጅ የጨረሰ ሰው ቢሞት እንዲህ ማለት ይቻል ነበር።

በርስት ሲሟገት ኖሮ ዘመኑን፥
ዳኛ ሳይዳኘው ያዘ መሬቱን።

በሌላው ዓለምም በመቃብር ላይ የሣቀ ሕዝብ አለ። በሮማንያ አገር ሰፐንጻ በምትባል መንደር በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፥ ስታን ዮአን ፓትራሽ የተባለ እንጨት ጠራቢ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1935 ዓ.ም. አንሥቶ በሰማያዊ ቀለም የተቀቡ መስቀሎች ይሠራ ነበር። በየመስቀሉ ላይ የሟቹን ሥዕልና አጭር ግጥም ይቀርጻል፤ ግጥሙም መጠጥ የወደደውን መጠጡን፥ ነገረኛውን ነገሩን ሳይደብቅ በሟቹ አንደበት ይናገራል። ፓትራሽ በ1977 ሲሞት ለራሱም መስቀል አዘጋጅቶ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ስፓይክ ሚሊጋን የተባለው ቀልደኛ በ2002 ሲሞት፥ መታመሙን አስቀድሞ ነግሯቸው እንደ ነበር የሚያሳስብ ቃል በመቃብሩ ላይ እንዲጻፍለት ፈለገ። የቤተ ክህነቱ ሹማምንት ቀልዱ አይገባም ስላሉ ቃሉ በአየርላንድ ቋንቋ ተጻፈ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወርቁን በሰም ሸፍኖ ማሳለፍ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ የድንጋዩም የአፉም ጉድለት ከዚህ ላይ ይታያል። ድንጋዩ የጊሆን ስም ጠብቆ ጠባይዋን አጠፋ። አፋችን ደግሞ ስንኙን ጠብቆ ብዙ ጊዜ የሟቹን ስም ይጥላል፤ ሽማግሌዎች ግሩም ሙሾ ይነግሩናል፥ «ለማን ተባለ?» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር የኢጣሊያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፥ በመንገዱ ላይ ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ተዋግቶ ብዙ ሰው ወድቋል። የታላላቆቹን አርበኞች ስም ዘፈኑም መጽሐፉም ይዞታል፤ የተራውን ወታደር ስም ግን የያዘው ያለቀሰችለት እናቱ ነበረች፤ እናቲቱም አልፋለች።

አሁን ደግሞ ጊዜው ተለውጧል። በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር እንደሚታየው በሐውልት ላይ መጻፍ ተለምዷል፤ ልማዱም ወደ አውራጃ ከተሞች ደርሶ፥ በሲሚንቶ የተሠራ፥ ስምና ቀን የተጻፈበት፥ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መቃብር ይታያል። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ስም ከመጥፋት ይድናልና። ነገር ግን በአንዱ መቃብር ላይ የተጻፈው ቃል በሌላውም ላይ ያው ነው፤ ስሙን ብትለውጡት ለማንም ይሆናል። በሌላ ወገን አልቃሾቹ እያረጁ ነው፤ ደረት መድቃትና ፊት መንጨት ሲቀር፥ መቅረቱም መልካም ሲሆን፥ ግጥሙም አብሮ እየቀረ ነው። እኒህ ሁለቱ ግን አንድ አልነበሩም። ሰውነትን ማቍሰል የተስፋ ቢስ ኀዘን ነው፤ ስለ ሞተው ሰው እውነተኛ ቃል መናገር ግን ዕዳን መክፈል ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ታሪኩን የሚጀምረው በዚሁ አገር በማንኩሳ ነው። ከማንኩሳ ደጅ ያለ ልጅ ዛሬ ደብተርና እርሳስ አለው። ወደ አያቱ ሄዶ፥ «ለአባትሽ ምን ተብሎ ተለቀሰ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ስንኙንም ከነስሙ ይጻፍ፤ የሚያስቀውንም አይተው። ድንጋይ የሚያቆም ዘመድም ከስሙና ከቀኑ በታች ለአንድ ስንኝ የሚሆን ቦታ ይተው። ያን ጊዜ ከመቃብሩ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሟቹን ባያውቀውም ፈገግ ይልና «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ብሎ ያልፋል።